ጭቃው እስኪደርቅ

አሮጌ ቤት የሚያድስ ሰው ሁለት ዓይነት የቀን መቍጠሪያ ያስፈልገዋል፤ አንዱ የራሱ፥ ሁለተኛው የአናጢው። ሁለቱ በአንድ ቀን ሲገናኙ ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም ቀብድ የተከፈለበት ዕለት ነበር።

ውድ አንባቢዎቼ፥ ከመካከላችሁ የቤት ባለቤት የሆነው ጥቂት እንደ ሆነ አላጣሁትም። ተማሪው ዘመድ ቤት ተጠግቷል፤ ጀማሪው የመንግሥት ሠራተኛም ደመወዙን ተቀብሎ ገና ሳያጣጥመው ለአከራይ ያስረክባል። ሆኖም ግድግዳው ያበጠ፥ ቆርቆሮው የዛገ የወላጆች ጭቃ ቤት ያላችሁ ብዙ ናችሁና፥ አንድ ቀን «ላድሰው» ማለታችሁ አይቀርም። ስለዚህ የእኔን ጣጣ ልንገራችሁ።

ቤታችን አዲስ አበባ ነው። ፊተኛውን ክፍል አያቴ፥ የኋላውን ጓዳ አባቴ ሠርተውታል። በመጋቢት 2014 ዓ.ም. እናቴን እኅቴ ዘንድ ወስጄ፥ «ሁለት ወር ብቻ ታገሺኝ፤ ክረምቱ ሳይገባ ቤትሽ ትገቢያለሽ» አልኋት። ከልብሷ በቀር ጀበናዋን ብቻ ይዛ ሄደች። «ለሁለት ወር ምን ያደርግልሻል» ብዬ ሌላውን ዕቃ ያስቀረሁባት እኔ ነኝ።

የእድሳት ፈቃድ ለማግኘት ሦስት ሳምንት ፈጀ። በዚህ ላይ ብዙ አልናገርም፤ እኔም ከጠረጴዛ ኋላ ተቀምጬ «ነገ ተመለስ» የምል ሰው ነኝ።

ፈቃዱ ተገኝቶ ያበጠው የጓዳ ግድግዳ ሲፈርስ ሌላ ጉድ ወጣ። ከላይ ደኅና የሚመስለው ቋሚ ሁሉ ሥሩን ምስጥ ጨርሶታል። አናጢው፥ ዕድሜያቸው የገፋ ሰው ናቸው፥ አንዱን ቋሚ በእጃቸው ፈርክሰው አሳዩኝ። «ፊተኛው ክፍል ጥድ ስለ ሆነ ምስጥ አልደፈረውም፤ ይኸኛው ግን ባሕር ዛፍ ነው» አሉ። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ መጥቶ አዲስ አበባን ከማገዶና ከቤት መሥሪያ እንጨት ችግር ያወጣ ባለ ውለታ ነው። ቶሎ ያድጋል፥ ቀጥ ብሎም ይወጣል። ነገር ግን ሥሩ በእሳት ሳይለበለብ ወይም የተቃጠለ የመኪና ዘይት ሳይቀባ መሬት ከገባ ለምስጥ የቀረበ ገበታ ነው። እርጥቡን ከተከሉትም ሲደርቅ ይጣመምና ምርጊቱን ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ አዲሱ እንጨት ተገዝቶ ጥላ ሥር እስኪደርቅ ተጠበቀ። እኔም ይህን ከሌላው መዘግየት ጋራ አንድ ላይ ቈጥሬ ተበሳጨሁ።

ከዚያ ፋሲካ መጣ፤ ፋሲካን ተከትሎ የሠርግ ወራት መጣ። አንድ ቀን የአናጢው የእኅት ልጅ ተዳረች፤ አንድ ቀን በእድራቸው ለቅሶ ሆነ፤ አንድ ቀን ደግሞ ስልካቸው አልነሣ አለ። በተገናኘን ቍጥር መልሳቸው «ነገ ጧት» ነው።

ጭቃው ግንቦት ላይ ተረገጠ። ጭቃ የጤፍ ጭድ ገብቶበት፥ ውሃ እየጠጣና እየተረገጠ ቢያንስ አንድ ሳምንት፥ ቢቻል ሁለት ሳምንት መቡካት አለበት። ከተመረገም በኋላ ሌላ ጥበቃ አለ፤ ይደርቃል፥ ይሰነጠቃል፥ ስንጥቁ ይደፈናል፥ ከዚያ በደቃቅ ጭድ ይለሰናል። ይህ ሁሉ ሲሆን እናቴ በየማታው ትደውላለች። «ልጄ፥ ቤቴ እንዴት ሆነ?» ትለኛለች። እኅቴ ደግሞ ስልኩን ተቀብላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እኽል አልበላ ብላለች» ትለኛለች።

ሰኔ ገብቶ ደመናው ሲከብድ ትዕግሥቴ አለቀ። በዚያ ዓመት ሲሚንቶ እንደ መድኃኒት ይፈለግ ነበር፤ ስንት ደጅ ጠንቼ ጥቂት ኩንታል አገኘሁና «በሉ ጋሼ፥ በዚሁ ላይ በሲሚንቶ ይለሰንልኝ» አልኋቸው።

«ጭቃው እኮ ገና እርጥብ ነው፤ ይቆይ» አሉ።

«ግድ የለም፥ ኀላፊው እኔ ነኝ» አልሁ። መቼም ለቢሮ ሰው ኀላፊነት በአፍ ሲሆን ቀላል ነው።

ግድግዳው ዐሥር ቀን ያህል አማረበት። ሐምሌ ላይ ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ጧት ብገባ፥ ልስኑ እንደ ቅርፊት ተልጦ ወለሉ ላይ ተነጥፏል። ጭቃ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፥ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ሲሚንቶ ግን አንዴ ከደረቀ አብሮት አይንቀሳቀስም፤ ውስጥ የቀረውም ውሃ መውጫ ያጣል። በክረምት ደግሞ አዲስ ምርጊት አይደርቅምና ሥራው እስከ ጥቅምት ቆመ።

ነሐሴ ላይ እናቴ ስለ ቤቷ መጠየቅ ተወች። ስደውል ስለ ጤናዬና ስለ ሥራዬ ትጠይቀኛለች፤ ቤት የሚል ቃል ከአፏ አይወጣም። አንባቢዎቼ፥ ከአናጢው «ነገ ጧት» ሁሉ ያ ዝምታ ከበደኝ። አንድ እሑድ ሄጄ እውነቱን ነገርኋት፤ ልስኑ የወደቀው በእኔ ጥድፊያ እንደ ሆነ፥ አናጢውም እንደ ከለከሉኝ አልደበቅሁም።

ጥቂት ዝም ብላ፥ «አባትህም እኮ ጓዳውን ሲሠራ ሁለት ክረምት ፈጅቶበታል» አለችኝ። «አንተን አዝዬ ጭቃ ያቀበልሁት እኔ ነኝ። ምነው እኔን ሳትጠይቅ?»

ጥቅምት 2015 ዓ.ም. ሰማዩ ሲጠራ እኅቴ በየጧቱ ታመጣት ጀመር። በርጩማ ላይ ተቀምጣ ጭቃው ሲረገጥ ታያለች፤ ተነሥታ ግድግዳውን በጣቷ ትጫንና «ገና ነው» ትላለች። አናጢውም ከእኔ ይልቅ እሷን ይሰሙ ነበር። ሲሚንቶው ቀርቶ የመጨረሻው ልስን በእበትና በደቃቅ ጭድ ሆነ፤ በላዩም ኖራ ተቀባ። በመጋቢት ፈንታ ከመጀመሪያው በጥቅምት ብነሣ ኖሮ በጋውን ሙሉ ማድረቂያ አገኝ ነበር፤ ቤት ለማደስ የምታስቡ ይህን ያዙልኝ።

ታኅሣሥ ላይ እናቴ ጀበናዋን ይዛ ገባች። የጓዳው በር ገና ስላልተገጠመ ነጠላ ጋርዳበት ቡና አፈላች። አናጢውን ስለ በሩ ጠየቅኋቸው፤ «ነገ ጧት» አሉ። እናቴም ሳቅ ብላ ሁለተኛውን ሲኒ ቀዳችላቸው።