እጅ ለኪቦርድ ወይስ ኪቦርድ ለእጅ?

ዛሬ ከፖለቲካውና ከኑሮ ውድነቱ ለጥቂት ደቂቃ ወጣ ብለን ስለ አንዲት ትንሽ ዕቃ እናውራ። ነገሩ ሲጀመር የጌም ወሬ ይመስላል። መጨረሻው ግን «ማን ይገባል፣ ማን ውጭ ይቀራል?» የሚል ጥያቄ ነውና እስከ ታች አንብቡልኝ።

ዕቃዋ ለአንድ እጅ የተሠራች የጌም ኪፓድ ናት። ኮምፒውተር ላይ ጌም የሚጫወት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቀኝ እጁን ማውስ ላይ፣ ግራ እጁን ኪቦርድ ላይ ያደርጋል። ኪፓዷ የኪቦርዱን ቦታ ትወስዳለች። መዳፍ የሚያርፍበት መደገፊያ አላት። በጣቶቹ ሥር ከ20 እስከ 30 የሚደርሱ ቁልፎች ተደርድረዋል። በአውራ ጣት በኩል ደግሞ ፕሌይስቴሽን ላይ እንደምናውቃት ዓይነት ወዲያ ወዲህ የምትገፋ ትንሽ ዱላ ትኖራለች። ሎጊቴክ እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው ጂ13 በዚህ ስሙ የታወቀ ነበር። ዛሬ የሬዘር ታርታረስ እና በላትቪያ የሚሠራው አዜሮን ይጠቀሳሉ። የሁሉም ዋና ጠባይ አንድ ነው፦ እያንዳንዱ ቁልፍ ምን እንደሚሠራ የሚወስነው ተጫዋቹ ራሱ ነው።

«ኪቦርድ እያለ ይህን መግዛት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው» የሚል ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ክርክሩ ቀላል ነው፤ ኪቦርድ ለሁሉም ይሠራል፣ ርካሽ ነው፣ ሁሉም ለምዶታል። ልክ ነው። ግን አንድ ነገር እንጠይቅ፦ ኪቦርዱ ራሱ ለማን እጅ፣ ለምን ሥራ ተሠራ?

ለጽሕፈት መኪና። ዛሬ የምንጠቀምበት የእንግሊዝኛ ፊደላት አቀማመጥ አሜሪካዊው ክሪስቶፈር ሾልስ እና ባልደረቦቹ ከሠሩት፣ ሬሚንግተን በ1870ዎቹ ለገበያ ካቀረበው መኪና የመጣ ነው። ኪቦርዳችሁን ልብ ብላችሁ እዩት። እያንዳንዱ ረድፍ ከበላዩ ካለው ትንሽ ወደ ጎን ፈቀቅ ብሏል። ይህ የሆነው የመኪናው የብረት ዘንጎች በቁልፎቹ መካከል ማለፊያ እንዲያገኙ ነው። ዘንጎቹ ከጠፉ ስንት ዘመን ሆናቸው፤ ፈቀቅ ማለቱ ግን አለ። ከጣቶቻችን ሁሉ ብርቱው አውራ ጣት ስፔስ ከመጫን ያለፈ ሥራ የለውም። ደካማዋ ትንሿ ጣት ደግሞ ሺፍትና ኮንትሮልን ተሸክማ ስትዘረጋና ስትታጠፍ ታመሻለች። ማታ ላይ አንጓውን የሚያሸው ተጫዋች ምክንያቱን ከዚህ መፈለግ ይችላል።

ሌላ የተረሳ ታሪክም አለ። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 9 ቀን 1968 ዳግላስ ኤንግልባርት በሳን ፍራንሲስኮ ማውስን ለሕዝብ ሲያሳይ፣ በቀኝ እጁ ማውሱን፣ በግራ እጁ አምስት ቁልፎች ብቻ ያሏትን ሰሌዳ ይዞ ነበር። አምስቱን በተለያየ ቅንጅት አንድ ላይ በመጫን 31 የተለያዩ ትእዛዞች ይወጣሉ። ማውሱ ዓለምን አዳረሰ። የግራ እጇ ሰሌዳ ግን መለማመድ ስለምትፈልግ ቀረች። ስለዚህ የአንድ እጅ ኪፓድ የትናንት ፋሽን አይደለችም። ኮምፒውተርን ለሁለት እጅ ካሰቡት ሰዎች ጋር አብራ የተወለደች ሃሳብ ናት።

አሁን ወደ ጌሙ እንመለስ። ዛሬ በኪቦርድ የሚጫወት አብዛኛው ሰው በደብልዩ፣ በኤ፣ በኤስ እና በዲ ቁልፎች ይንቀሳቀሳል። ይህ ከሰማይ የወረደ ሕግ አይደለም። በፊት ብዙዎች የሚጠቀሙት የቀስት ቁልፎችን ነበር። በ1997 «ትሬሽ» በሚል ስም የሚታወቀው ዴኒስ ፎንግ የኩዌክን ታላቅ ውድድር አሸንፎ የጌሙን ፈጣሪ የጆን ካርማክን ፌራሪ ሲሸለም፣ እጁን የሚያስቀምጥባቸው አራት ቁልፎች ዝነኛ ሆኑ። ተጫዋቹ ተከተለው፤ የጌም ሠሪዎችም ቀስ በቀስ ተቀበሉት። ይህ ሊሆን የቻለው ኩዌክ ቁልፎቹን እንደፈለጉ መቀየር ስለሚፈቅድ ነው። ዛሬ «መደበኛ» የምንለው አቀማመጥ የመጣው አንድ ሰው መደበኛውን እንዲቀይር ስለተፈቀደለት ነው።

ኪፓዷን አላጋንናትም። ማንንም ሻምፒዮን አታደርግም። ጣት እስኪለምዳት ሳምንታት ትወስዳለች፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከበፊቱ የባሰ መሸነፍ አለ። ለጓደኛ መልእክት ለመጻፍ አሁንም ኪቦርድ ያስፈልጋል። ብዙዎቹ ሞዴሎች በአምራቹ ሶፍትዌር ላይ ይንጠለጠላሉ፤ አምራቹ ሶፍትዌሩን ማደስ ሲያቆም ውድ ዕቃ በእጅ ላይ ይቀራል። ለመግዛት የሚያስብ ሰው ቅንብሩን በራሷ ውስጥ የምትይዝ መሆኗን አስቀድሞ ይጠይቅ።

«ማጭበርበሪያ ናት» የሚለውንም ስሞታ በቁም ነገር መመልከት ይገባል። አንድ ቁልፍ ተጭኖ አምስት ሥራ እንዲሠራ ማድረግ ይቻላል፤ ይህ በውድድር ላይ ፍትሐዊ አይደለም። ቫልቭ በነሐሴ 2024 በካውንተር ስትራይክ 2 እንዲህ ዓይነት አውቶማቲክ እገዛዎችን ማገዱ ተገቢ ነበር። ግን ሁለቱን አንቀላቅል። አንድ ጭነት ለአንድ ተግባር እስከሆነ ድረስ፣ ቁልፉ የት እንደተቀመጠ የተጫዋቹ ጉዳይ ነው። ያ ቁልፍ ከትንሿ ጣት ወደ አውራ ጣት ቢዛወር ማን ተበደለ?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እስካሁን ያወራነው ሁለት ጤነኛ እጅ ስላለው ሰው ነው። አንድ እጅ ብቻ ያለውስ? እውነቱን ለመናገር ኪፓዷ ብቻዋን አታድነውም፤ ሌላኛው እጅ ማውስ ላይ ነው ብላ ነው የተሠራችው። ከዚያም ላይ ብዙዎቹ ለግራ እጅ ብቻ ናቸው። ሆኖም በአንድ እጅ ሥር መንቀሳቀሻውንም ትእዛዙንም መሰብሰብ ከተቻለ፣ የቀረውን በእግር ፔዳል ወይም በሌላ መሣሪያ ማሟላት ይቻላል። ማይክሮሶፍት በ2018 ለአካል ጉዳተኞች ያወጣው የኤክስቦክስ መቆጣጠሪያ የተሠራው በዚህ አስተሳሰብ ነው፤ ሁለት ትልልቅ ቁልፎች አሉት፣ በጀርባው ደግሞ ሰውየው የሚመቸውን ፔዳልም ሆነ ቁልፍ የሚሰካባቸው ቀዳዳዎች አሉት። ሶኒም በ2023 የራሱን አውጥቷል።

ይህ ሁሉ ዕቃ ግን በአንድ ውሳኔ ከንቱ ይሆናል፦ ጌሙ ቁልፎቹን መቀየር ከከለከለ። ዕቃው በመቶ ዶላር ሊገመት ይችላል፤ ቁልፍ ማስቀየሪያ ገጽ ግን ለተጫዋቹ ምንም ወጪ የለውም። ሠሪው አስቦበት ገና ከጅምሩ ካስገባው ለእሱም ከባድ ሥራ አይደለም።

«እኛን ምን አገባን?» ትሉ ይሆናል። በጦርነት፣ በአደጋና በሕመም እጁን ያጣ ወጣት ባለበት አገር ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ2010 አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 30 በባህል፣ በመዝናኛና በስፖርት መሳተፍን መብት ያደርገዋል። ጨዋታ የቅንጦት ጉዳይ ነው የሚል ካለ ያንን አንቀጽ ያንብብ። ጎረምሶች ጓደኛ የሚያፈሩት፣ የሚፎካከሩትና የሚሳሳቁት ጌም ላይ በሆነበት ዘመን ከጨዋታው መቅረት ከሰፈር ልጆች መቅረት ነው።

ደግሞስ ለሌላ ሰው እጅ በተሠራ መሣሪያ መቸገርን ከእኛ በላይ ማን ያውቃል? ከ200 የሚበልጡ ፊደሎቻችንን ለላቲን በተሠራ መኪና ላይ ለማስገባት እነ ኢንጂነር አያና ብሩ ስንት ደክመዋል። ፊደሉ ለመኪናው ሲባል ይቀነስ የሚል ክርክርም ተነሥቶ ነበር። ፊደላችን ሳይቀነስ ቆየ፤ በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገባ። ዛሬ ይህን ጽሑፍ በስልካችሁ የምታነቡት ማሽኑ ወደ ፊደሉ ስለመጣ ነው።

እንግዲህ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። አዲስ አበባ ተቀምጣችሁ ጌምም ሆነ መተግበሪያ የምትሠሩ ወጣቶች፣ ቁልፍ ማስቀየሪያውን በመጀመሪያው ሥራችሁ ውስጥ አስገቡት። ጌም ቤት ያላችሁ፣ አንድ ልጅ «ቁልፎቹን ልቀያይር?» ሲላችሁ «አታበላሽብኝ» ከማለታችሁ በፊት ለምን እንደፈለገ ጠይቁት። የምትጫወቱም እጃችሁን ካመማችሁ አትቻሉት፤ ኪፓድ መግዛት ባትችሉ እንኳ ቅንብሩን ከፍታችሁ ለትንሿ ጣታችሁ የከበደውን ቁልፍ ዛሬውኑ አዛውሩላት።

በአንድ እጁ የሚጫወት ሰው ታውቃላችሁ? እንዴት እንደሚጫወት ከታች ጻፉልን። ቸር ሰንብቱ።