ስለ ጓሮ አትክልትና ስለ አሮጌ ዕቃ

በአማኑኤል ሰፈር ቤት ከቤት ተጣብቆ የተሠራ ስለሆነ ጎመን የሚተከልበት መሬት ያለው ሰው ጥቂት ነው። ነገር ግን በዚያው በመርካቶ፣ ምናለሽ ተራ በተባለው ስፍራ፣ አሮጌውን በርሜልና ጣሳ ቈርጠውና ቀጥቅጠው ምድጃ የሚያደርጉ ሠራተኞች ስላሉ፣ የአትክልት ዕቃ ከባሕር ማዶ እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም።

የዘይት ጀሪካን ጎኑ ተቈርጦ ከታቹ በምስማር ሲበሳ የቆስጣ መደብ ይሆናል፤ ካልተበሳ ግን ውሃው ተኝቶ ሥሩን ያበሰብሰዋል። የሸክላ ማሰሮም እስከ አንገቱ በአፈር ተቀብሮ ውሃ ተሞልቶ ቢከደን፣ ውሃው በገላው ቀስ እያለ እየሰረገ ተክሉን ያጠጣል፤ ይህም ቧንቧ በፈረቃ ለሚደርሰው ቤት ትልቅ ርዳታ ነው። በየአድባራቱ ግቢ የሚረግፈው ቅጠልስ ለምን ይቃጠላል? ከወጥ ቤት ጥራጊ ጋር ተከምሮ እየተገላበጠ ቢረጥብ በጥቂት ወራት ማዳበሪያ ይወጣዋል።

ዋናው ጥንቃቄ ግን ዕቃው ቀድሞ ምን እንደ ያዘ ማወቅ ነው። የፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበት በርሜል ታጥቦ ቢያበራም ለሚበላ ተክል አይሆንም፤ አሮጌ ባትሪ የተፈታበት አፈርም እርሳስ ስላለበት እንዲሁ ነው። መርዝ በዓይን አይለይምና ገዢው ሻጩን ሳይጠይቅ አይግዛ።

በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት ተጀምሯል። የከተማ ጓሮን የሚቈጥር ሹም ቢኖር የዕቃውን ብዛት ብቻ ጽፎ ከመሄድ ይልቅ፣ አንዱን አንሥቶ ከታቹ መበሳቱን ቢያይ፣ ከየት እንደ መጣም ቢጠይቅ፣ መርዝ የያዘውንም ከገበያው ቢያስለይ ሥራው የተፈጸመ ይሆናል።