ድራማ ላይ የሚታየው ስልክ ቁጥር የማን ነው? ጥያቄው ሞጆ ደረቅ ወደብ ድረስ ይሄዳል

ሞጆ ደረቅ ወደብ በር ላይ ተራ የሚጠብቅ የከባድ መኪና ሹፌር ስራው ያለው ስልኩ ውስጥ ነው። ጭነት ሲገኝ ይደወልለታል፣ የኮንቴነር ቁጥር በቴሌግራም ይላክለታል፣ የመንገድ ወጪ በቴሌብር ይገባለታል።

አሁን እስቲ አስቡት። ማታ በቲቪ አንድ ድራማ እየታየ ነው። የተዋናይቷ ስልክ ይጮሃል፣ ካሜራው ይጠጋል፣ ስክሪኑ ላይ በ09 የሚጀምር ሙሉ ቁጥር ይታያል። ጸሐፊው ከጭንቅላቱ ያወጣው ቁጥር ነው። ግን የዚያ ሹፌር ቢሆንስ?

«ማን ይደውላል ደግሞ!» እንዳትሉ። እ.ኤ.አ. መስከረም 2021 ኔትፍሊክስ ላይ የወጣውን ስኩዊድ ጌም ታስታውሳላችሁ? ጨዋታው ውስጥ የሚገባበት ካርድ ላይ ቁጥር ነበር። የኮሪያ ሞባይል መነሻ የሆነው 010 ካርዱ ላይ አልተጻፈም፤ የቀሩት 8 አሃዞች ግን የአንድ ሰው ትክክለኛ ቁጥር ሆነው ተገኙ። ሰውዬው ቁጥሩን ከ10 ዓመት በላይ ተጠቅሞበታል። ቀን ከሌሊት ሲደወልለት ከ4 ሺህ በላይ ቁጥሮች እንዳጠፋ ለአገሩ ሚዲያ ተናግሯል። በመጨረሻ ኔትፍሊክስ ትዕይንቶቹን አስተካክላለሁ አለ።

ነገሩ አዲስም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው ብሩስ ኦልማይቲ ፊልም ላይ «እግዚአብሔር» የሚደውልበት ቁጥር ፔጀር ላይ ታይቶ ነበር። አሜሪካ ውስጥ በየአካባቢው ያ ቁጥር ያላቸው ሰዎች «እግዚአብሔር አለ?» የሚል ስልክ ሲያነሱ ከረሙ። በኋላ ለዲቪዲ ሲዘጋጅ ቁጥሩ ተቀየረ።

እነሱ አገር መፍትሄው ቀላል ነው፦ ለማንም የማይሰጥ ቁጥር ለፊልም መለየት። አሜሪካ ከ555-0100 እስከ 555-0199 ያለውን ለልብ ወለድ አስቀምጣለች። እንግሊዝ ደግሞ ከ07700 900000 እስከ 07700 900999 ያሉ 1 ሺህ የሞባይል ቁጥሮችን ለድራማ ትታለች። ፕሮዲዩሰሩ ከዚያ መርጦ ይጠቀማል፣ ማንም አይጎዳም።

የእኛ አገር ጉዳይ ግን ከጥሪ ብዛት ያልፋል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ከጀመረ ወዲህ ስልክ ቁጥር የገንዘብ ቦርሳም ነው። አጭበርባሪ ቁጥር ካገኘ «ብር በስህተት ልኬልህ ነበር» ብሎ ለመጀመር በቂው ነው። ሹፌራችን ደግሞ ስልኬን ልዝጋ ቢል ጭነቱን ሌላ ሰው ይወስደዋል። ቁጥር ልቀይር ቢል ደንበኞቹ የሚያውቁት በድሮው ነው። በአንድ ሴኮንድ ትዕይንት የተነሳ የሰው እንጀራ ይነካል።

«ታዲያ የመጨረሻዋን አሃዝ በጣት መሸፈን ነዋ» የሚል አይጠፋም። ሒሳቡን ስሩት፦ አንድ አሃዝ ከተደበቀ የሚቀረው ምርጫ 10 ብቻ ነው፤ ሁለት ከሆነ 100። ስራ የፈታ ሰው በአንድ ከሰዓት ይጨርሰዋል። ድሮ ትዕይንቱ አልፎ ይሄድ ነበር። ዛሬ ግን ተመልካቹ ፖዝ ያደርጋል፣ ዙም ያደርጋል፣ ስክሪንሹት አንስቶ ግሩፕ ላይ ይለቃል።

ስክሪን የሚያወጣው ምስጢር ቁጥር ብቻም አይደለም። የናይቭስ አውት ዳይሬክተር ሪያን ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ2020 እንደተናገረው፣ አፕል በፊልም ላይ አይፎን እንዲታይ ቢፈቅድም ክፉው ገጸ ባህሪ እንዲይዘው አይፈቅድም። ስለዚህ ገዳዩ ማን እንደሆነ የሚደብቅ ፊልም ላይ አይፎን የያዘውን ከተጠርጣሪ መሰረዝ ትችላላችሁ ማለት ነው። የተመልካቹን ዓይን የሚስበው የታሪኩ መሪ ሲሆን፣ ምስጢሩን ያወጣው ግን እጁ ላይ ያለው ስልክ ነው።

በጀት ያላቸው ቀረጻዎች ለዚህ ነው እውነተኛ ስልክ የማያሳዩት። ወይ ቀድሞ የተሰራ ቪዲዮ ስልኩ ላይ ያጫውታሉ፣ ወይ ስክሪኑን አረንጓዴ አድርገው ቀርጸው ምስሉን በኤዲቲንግ ይጨምራሉ። በጀት ሲጠብ ግን የተዋናዩ የራሱ ስልክ ፍሬም ውስጥ ይገባል፤ ከላይ ከእናቱ የመጣ ሜሴጅ ብቅ ቢልም ያው ተቀረጸ ነው። ቢያንስ ኤሮፕሌን ሞድ ማድረግ ምንም ወጪ የለውም።

ይሄ ቲክቶክ ለምትሰሩትም ነው። ሞጆ ላይ ቪዲዮ ስትቀርጹ ከኋላችሁ ያለው ኮንቴነር 4 ፊደልና 7 አሃዝ ተጽፎበታል። ያንን ቁጥር የመርከብ ድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ ያስገባ ሰው ዕቃው የት እንደደረሰ ሊያይ ይችላል። የጭነት ሰነድ የተከፈተበት የሹፌር ስልክ ከገባበት ደግሞ የሰው ንብረት መረጃ ለሕዝብ ለቀቃችሁ ማለት ነው።

ታዲያ ማን ምን ያድርግ? በ2016 ዓ.ም የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ተቆጣጣሪ ያደረገው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ነው። የአገሪቱን የስልክ ቁጥሮች የሚያስተዳድረውም ይኸው መስሪያ ቤት ነው። ቁጥሩም የግል መረጃውም አንድ ጠረጴዛ ላይ ናቸው ማለት ነው። ከ09ም ከ07ም አንድ አንድ መቶ ቁጥር ለፊልምና ለድራማ ለይቶ፣ ዝርዝሩን ለፕሮዲዩሰሮችና ለቲቪ ጣቢያዎች ቢያሳውቅ ብዙ ወጪ የለውም። ጣቢያዎቹም ድራማ ሲረከቡ «ስክሪኑ ላይ የሚታየው ቁጥር ከዝርዝሩ ነው ወይ?» ብለው ይጠይቁ።

እስከዚያው ቀላሉ መንገድ ይሄ ነው፦ ስም ብቻ አሳዩ። «እማዬ» የሚል ጥሪ ታሪኩን ይነግራል፤ ቁጥሩ ለታሪኩ ምንም አይጨምርም።

ድራማ ላይ ሙሉ ስልክ ቁጥር አይታችሁ ታውቃላችሁ? ኮሜንት ላይ ንገሩን፤ ቁጥሩን ግን እንዳትጽፉት።