ስለ ቡና ማሳ አመዘጋገብ

የኢትዮጵያ ቡና ከገበሬው ማሳ ተነሥቶ በአውሮፓ ካለው የመቁያ ፋብሪካ እስኪደርስ ድረስ በብዙ እጅ ያልፋል። ገበሬው ለሰብሳቢው፣ ሰብሳቢው ለአቅራቢው፣ አቅራቢውም ለላኪው ያስረክባል። በዚህ መንገድ ሁሉ ቡናው ይመዘናል፤ የበቀለበት ስፍራ ግን ሲረሳ ኖሯል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2008 ሥራውን የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ዋጋውን ለሁሉ ግልጥ አደረገ፤ በ2015ም ግብይቱን ከጩኸት ወደ ኮምፒዩተር ማዛወር ጀመረ። ዳሩ ግን ቡናው በአካባቢና በደረጃ ብቻ ተለይቶ በመጋዘን ይከማች ስለ ነበረ፣ የአንዱ ገበሬ ምርት ከሌላው ተቀላቅሎ ምንጩ ይጠፋ ነበር። በመጨረሻው በር የቆመ ኮምፒዩተር በመጀመሪያው በር ያልተጻፈውን ሊያነብ አልቻለም።

ዛሬ ግን ገዥው ምንጩን ይጠይቃል። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ባወጣው ደንብ፣ ወደ ኅብረቱ የሚገባው ቡና ከ2020 መጨረሻ በኋላ ደን ተመንጥሮ በተገኘ መሬት ያልበቀለ መሆኑ እንዲረጋገጥ፣ የማሳውም ኬክሮስና ኬንትሮስ እንዲመዘገብ ታዟል። ከ4 ሄክታር የሚበልጥ ማሳ ዙሪያ ወሰኑ ይመዘገባል፤ ከዚያ ላነሰው አንድ ነጥብ ይበቃል። የመፈጸሚያው ቀን ወደ ኋላ ቢተላለፍም ግዴታው አልቀረም።

ለዚህ ሥራ የእጅ ስልክና ኮምፒዩተር ያስፈልጋሉ። ሆኖም መሣሪያ የተሰጠውን ይጠብቃል እንጂ እውነቱን ከሐሰቱ አይለይም። መዝጋቢው ወደ ማሳው መውረድ ታክቶት ነጥቡን ከገበሬው ደጃፍ ቢወስድ፣ ስሕተቱ በአዲስ አበባም በሐምቡርግም ያው ሆኖ ይነበባል። ደንቡ ምንጩ የታወቀውን ካልታወቀው ጋር መቀላቀልን ስለማይፈቅድ፣ አንድ ያልተመዘገበ ጆንያ ከክምሩ ቢገባ የብዙ ገበሬ ድካም ይሰናከላል።

እንግዲህ የወረዳ ሹማምንት ትጋት ከመሣሪያው ብዛት አስቀድሞ በመጀመሪያው ጽሕፈት ላይ ሊሆን ይገባል። ነጥቡ ከማሳው መካከል፣ ወሰንተኞች ባሉበት ይወሰድ። በመሰብሰቢያው ስፍራ ሚዛኑ፣ ቀኑና የማሳው ቁጥር የተጻፈበት ደረሰኝ ለገበሬው ይሰጥ። ኢንተርኔት በሌለበት ቀን በወረቀት ይጻፍ፤ መስመሩም ሲመለስ ሳይውል ሳያድር ወደ ኮምፒዩተሩ ይገልበጥ። ገበሬው የመዝገቡን ግልባጭ ይያዝ፤ ስሕተት ቢገኝ ከእርሱ ቀድሞ የሚያየው የለምና። ምዝገባውን ለግብር የታሰበ መስሎት እንዳይሸሸግም ምክንያቱ አስቀድሞ በግልጥ ይነገረው።

ሰፊ እርሻ ያለው ባለሀብት ማሳውን በገንዘቡ አስለክቶ ያስመዘግባል። ግማሽ ሄክታር የያዘው ገበሬ ግን ተስፋው በወረዳው ሹምና በኅብረት ሥራ ማኅበሩ ነው። እነርሱ ቸል ያሉ እንደሆነ፣ ቡናው መልካም ሆኖ ሳለ፣ ደንም ሳይመነጥር፣ በጽሕፈት ጉድለት ብቻ ከገበያ ይወጣል።