ግድግዳ የማይሸከመው ብርሃን

ብርሃን የፊልም ቀለም ነው ይባላል፤ እውነት ነው። ነገር ግን የሠዓሊው ቀለም ከብሩሹ ቢንጠባጠብ የሚያበላሸው ሸራውን ነው፤ የፊልም ሠሪው ቀለም ከተሰቀለበት ቢወድቅ ግን የሚያርፈው በሰው ራስ ላይ ነው። ይህን ልዩነት የዘነጋ ሥራ፣ ተመልካቹን ምንም ያህል ቢያስለቅስና ቢያስጨበጭብ፣ ያልተከፈለ ዕዳ አለበት። ክርክሬ ስለዚሁ ዕዳ ነው።

ጉዳዩ ሲሰሙት ጥቃቅን ይመስላል። በባሕር ዳር ከተማና በጣና ዳርቻ መንደሮች ፊልም ወይም ተከታታይ ድራማ ሲቀረጽ መብራት ከላይ የሚሰቀለው እንዴት ነው? ብዙ ጊዜ ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው አንድ አጠና ይጋደማል፤ ጫፉ በድንጋይ ወይም በእንጨት ስባሪ ይወጠራል፣ አለዚያም በምስማር ይመታል፤ መብራቱ በሽቦ ወይም በቃጫ ገመድ ይታሰራል፤ ከዚያ «ጸጥታ!» ይባልና ተዋንያኑ ከሥሩ ይገባሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በጠባብ ክፍል ውስጥ የመብራት ማቆሚያ ቢተከል ካሜራው ያየዋል። ስለዚህ መብራቱ ወደ ላይ መውጣቱ ተገቢ ነው። ተገቢ ያልሆነው፣ ግድግዳው መቻል አለመቻሉን ሳይመረምሩ ሸክም መጫን ነው።

ለመሆኑ ግድግዳ ምን ይችላል? የጭቃ ቤት ግድግዳ በቋሚ እንጨት፣ በማገርና በጭድ በተቦካ ጭቃ የተሠራ ነው። የጣሪያው ክብደት በወራጁ ወርዶ በቋሚው በኩል ወደ መሬት ይዘልቃል። ግድግዳው የለመደው እንግዲህ ከላይ ወደ ታች የሚመጣ ሸክም ነው። በሁለት ግድግዳ መካከል የተወጠረ አጠና ግን የሚገፋው ወደ ጎን ነው። አጠናው በጠበቀ ቁጥር ግድግዳዎቹን ያራርቃል፤ ግድግዳዎቹ በተራራቁ ቁጥር አጠናው ይላላል። መብራቱን በአየር ላይ ያቆየው የእንጨቱ ጫፍና የልስኑ መፋተግ ብቻ ነው፤ ልስኑ ከተፈረፈረ ሌላ መያዣ የለውም። ምስማሩም ቋሚውን ካላገኘ የያዘው እንጨት ሳይሆን ጭቃ ነው። ለቀረጻ ተብሎ ከስስ ጣውላ የተሠራው የማስመሰያ ግድግዳ ደግሞ የባሰ ነው፤ ከኋላው በሰያፍ እንጨት ካልተደገፈ ራሱን እንኳ አይችልም፤ ከሐይቁ የሚነሣው ነፋስም እንደ ጀልባ ሸራ ይገፋዋል።

እንጨቱና ገመዱም የየራሳቸው ጠባይ አላቸው። እርጥብ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይቀጥናል፤ በመጀመሪያው ቀን ጥብቅ የነበረው እስር ከቀናት በኋላ የላላ ቀለበት ይሆናል። የቃጫ ገመድ በርጥበት ይወጠራል፣ በድርቀት ይረግባል፤ የ1000 ዋት መብራት ግለት ሲጨመርበት ይጠቁርና ይበጠሳል። ስምንት ኪሎ የሚመዝን መብራት ከ3 ሜትር ከፍታ ቢወድቅ ወለሉ ላይ ለመድረስ 1 ሰከንድ አይሞላውም፤ ሲደርስም ፍጥነቱ በሰዓት 28 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። «ተጠንቀቁ!» ብሎ ለመጮኽ እንኳ ጊዜ አይገኝም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በጣና ዳርቻ በአንድ መንደር ቀረጻ ለማየት ሄጄ ነበር። በትዕይንቱ መካከል አጠናው አንድ ስንዝር ተንሸራቶ ከማገሩ ላይ ተገትቶ ቀረ። ከሥሩ የእናትነቱን ገጸ ባሕርይ የምትጫወተው ሴት የጎረቤት ሕፃን ታቅፋ ተቀምጣ ነበር። ሁሉም «ተመስገን!» አለ፤ ጥቂት ተሳቀ፤ ያው አጠና በያው ድንጋይ ተመልሶ ተወጠረና ቀረጻው ቀጠለ። ተመስገን ማለት መልካም ነው፤ ምስጋና ግን አጠና አያጠብቅም።

ይህ የድሆች አገር ችግር ብቻ ነው የሚል ካለ ወደ ባለጸጎቹ ይመልከት። በ2024 እ.ኤ.አ. በሎስ አንጀለስ ከተማ በአንድ ትልቅ ስቱዲዮ ውስጥ የመብራት ሠራተኛ ከጣሪያው ሥር ከሚገኘው መተላለፊያ ወድቆ ሞቷል። በ1982 እ.ኤ.አ. በዚያው በካሊፎርኒያ በሌሊት ቀረጻ ላይ ሄሊኮፕተር ተከስክሶ አንድ ታዋቂ ተዋናይና ሁለት ሕፃናት አልቀዋል። የአሜሪካ ፊልም ሠሪዎች ዛሬ የሚመሩባቸው ብዙ የደኅንነት መመሪያዎች የተጻፉት ከዚያ አደጋ በኋላ ነው። ገንዘብ ብቻውን ሰው አያድንም ማለት ነው፤ ሰው የሚያድነው ሥርዓት ነው። እኛስ የራሳችንን መመሪያ ለመጻፍ የራሳችንን ሬሳ እንጠብቅ? አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለከንቱ አይደለም።

ይህን ስናገር ከሦስት ወገን መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ።

የመጀመሪያው «ገንዘብ የለንም» ይላል። እሺ፤ ሒሳቡን እንየው። መብራትን ከአጠናው ጋር የሚያስተሳስር አጭር የብረት ገመድ፣ የአሸዋ ከረጢት፣ ጥቂት ተጨማሪ አጠናና ጣውላ፣ የግማሽ ቀን የአናጢ ሥራ፤ ይኸው ነው። ለምረቃው ምሽት ለሚዘረጋው ቀይ ምንጣፍ ብር የሚያገኝ አዘጋጅ ለብረት ገመድ አጣሁ ቢል ማን ያምነዋል? ያጣው ገንዘብ ሳይሆን ሐሳብ ነው።

ሁለተኛው «እስከ ዛሬ እንዲህ ስንሠራ ምን ሆነ?» ይላል። የመጀመሪያው ባለ ሙሉ ርዝመት የአማርኛ ፊልም «ሂሩት አባቷ ማን ነው?» በ1957 ዓ.ም ለሕዝብ ከቀረበ ስድሳ ዓመት ገደማ ሆኖታል። የቪዲዮ ካሜራ ፊልምን ከአዳራሽና ከስቱዲዮ አውጥቶ ወደየመንደሩና ወደየመኖሪያ ቤቱ ካስገባውም ብዙ ዓመት አልፏል። በ1948 ዓ.ም የተከፈተውን የብሔራዊ ቴአትርን የመሰለ አዳራሽ ሲታነጽ የመብራት መስቀያው ከሕንፃው ጋር አብሮ ይታሰባል። የመኖሪያ ቤት ግን ለዚህ አልተሠራም። እኛ ካሜራውን ይዘን ከአዳራሹ ስንወጣ የአዳራሹን ሥርዓት እዚያው ትተን ወጣን። እስካሁን አለመውደቁ ነገ ላለመውደቁ ዋስ አይሆንም።

ሦስተኛው ወገን ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ነው፤ «ኪነ ጥበብ መሥዋዕትነት ይጠይቃል» ይላል። የማንን መሥዋዕትነት? መሰላል ላይ የሚወጣው በቀን ሒሳብ የሚከፈለው ወጣት ነው። ከሥሩ የሚቀመጠው ተዋናይ ነው። ይህን ቃል የሚናገረው ግን ከምስል ማሳያው ኋላ በወንበር ላይ የተቀመጠው ነው። በሌላ ሰው አካል መሥዋዕት ማቅረብ ጀግንነት ሊባል አይችልም።

ደግሞም ጥንቃቄ ከውጭ የመጣ ቅንጦት አይደለም። የዚህ የሐይቅ ዳርቻ ሕዝብ ታንኳውን ከደንገል ሲሠራ፣ ደንገል ውኃ ሲጠጣ እንደሚከብድ ስለሚያውቅ ከጉዞ በኋላ አውጥቶ ያደርቀዋል፤ የማይችለውን ሰው አይጭንበትም። በዘጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን የገባ ሰው ሥዕሉን አይቶ ብቻ እንዳይወጣ እለምናለሁ፤ ጣሪያውን የተሸከመው ምን እንደሆነ ልብ ብሎ ይመልከት። የቀድሞ አናጢዎቻችን የሚከልለውንና የሚሸከመውን ለይተው ያውቁ ነበር። እኛ የልጅ ልጆቻቸው ከለላውን ምሰሶ አደረግነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ወቀሳ ብቻ ይዞ የመጣ ጽሑፍ ግማሽ ጽሑፍ ነውና ግማሹን ልጨምር።

ከሁሉ የሚሻለው ሸክሙን ከግድግዳው ማንሣት ነው። በክፍሉ ግራና ቀኝ፣ ከግድግዳው ጥግ፣ ሁለት ሁለት ቋሚ አቁሞ ከሥራቸው ሰፊ ጣውላ ማንጠፍ፣ በሰያፍ ማጠናከር፣ ከዚያ አጠናውን ወይም የብረት ቱቦውን በላያቸው ማጋደም። ይህ ሲሆን ሸክሙ በቀጥታ ወደ መሬት ይወርዳል፤ ግድግዳው ግድግዳ ብቻ ሆኖ ይቀራል። በግድግዳዎች መካከል መወጠር የግድ ከሆነም ግድግዳው ጽኑ መሆኑ ይረጋገጥ፤ የአጠናው ጫፍ በልስኑ ላይ ሳይሆን ቋሚዎቹን በሚያገናኝ ሰፊ ጣውላ ላይ ይረፍ፤ ከጫፉም ሥር ቢንሸራተት የሚቀበለው ድጋፍ ከቋሚው ጋር ይመታ። የሚሰቀለውም ቀላሉ የኤልኢዲ መብራት እንጂ ከባዱ አይሁን።

ሁለተኛ፣ አንድ እስር እንደሌለ ይቆጠር። እያንዳንዱ መብራት ከዋናው መያዣው ሌላ በአጭር የብረት ገመድ ከአጠናው ጋር ይታሰር፤ የመብራቱ መከለያ ክንፎችም እንዲሁ። ሦስተኛ፣ ክብደቱ ይደመር፤ መብራቱ፣ መያዣው፣ ኬብሉ። ከዚያ የሚበልጥ የአሸዋ ከረጢት አስቀድሞ ይሰቀልና ሰው በሌለበት ይፈተን። አራተኛ፣ ኬብሉ ለብቻው ይታሰር፤ ሰው ሲያደናቅፈው መብራቱን እንዳይጎትት። 2000 ዋት በ220 ቮልት 9 አምፔር ያህል ይስባል፤ ይህን የአንድ መኝታ ቤት ቀጭን ሽቦ እንዲሸከም መፍረድ ሌላ እሳት መጋበዝ ነው። አምስተኛ፣ መብራት ሲወጣና ሲወርድ ከሥሩ ማንም አይቁም፤ ዳይሬክተሩም ቢሆን።

ከእነዚህ ሁሉ በላይ ግን አንድ ቃል ያስፈልጋል፤ «አይበራም» የሚል ቃል። የመብራት ሠራተኛው እስሩን አይቶ «አይበራም» ሲል ቀረጻው ይቁም፤ ስለ መቆሙም እንጀራው አይቆረጥ። ዛሬ ይህን ቃል የሚናገር ወጣት ነገ አይጠራም። መብራቱን የሚጥለው የላላው ገመድ ብቻ ሳይሆን ይህ ፍርሃት ጭምር ነው።

ሕጉም ዝም አላለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነት የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል፤ የሥራ ውል ሁሉ በጽሑፍ ይሁንም አይልም። «በቃል ነው የተስማማነው» የሚል አዘጋጅ በዚህ ብቻ ከተጠያቂነት አያመልጥም። ለቀረጻ የትብብር ደብዳቤ የሚሰጡ የባህል መሥሪያ ቤቶች ከደብዳቤው ጋር አንዲት ገጽ ይጠይቁ፦ ከላይ ምን ይሰቀላል? በምን ይያዛል? ማን መረመረው? በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የግንባታ መሐንዲሶች አሉ፤ ከተማው የአናጢ ችግር የለበትም፤ የጎደለው የመብራት ባለሙያውን፣ መሐንዲሱንና አናጢውን ለጥቂት ቀናት በአንድ ክፍል የሚያገናኝ ሥልጠና ነው። ተዋንያንም ድርሻ አላቸው፤ ቃለ ተውኔታቸውን ከማጥናታቸው በፊት ቀና ብለው ይመልከቱ፤ ይጠይቁም።

ባሕር ዳር በ1950ዎቹ ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ ኃይል ስታገኝ፣ ያ ብርሃን የተገኘው ውኃው ምን ያህል እንደሚገፋ አስቀድሞ በመቆጠሩ ነበር። ያንኑ ብርሃን በሽቦ ጫፍ ላይ ሰቅለን ሰው ከሥሩ ስናስቀምጥ መቁጠር የምናቆምበት ምክንያት የለም። ካሜራው ከመነሣቱ በፊት አንድ ሰው ቀና ይበል፤ እስሩን በእጁ ይሳብ፤ ከዚያ መብራቱ ይብራ።