የስቱዲዮው ኮምፒዩተር «አፕዴት» ሲደረግ የአልበሙ ባለገንዘብ የት ነው?

ማይክሮሶፍት ኩባንያ ሐምሌ 22 ቀን 2007 ዓ.ም. ለገበያ ላቀረበው «ዊንዶውስ 10» ሲሰጥ የቆየውን መደበኛ የደህንነት ጥገና ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማቋረጡ ለአብዛኛው የቢሮ ተጠቃሚ ከአንድ ቀን የቴክኒሻን ሥራ ያለፈ ትርጉም አልነበረውም፡፡ ደብዳቤው፣ ደረሰኙና የሒሳብ ሰንጠረዡ በተተኪው «ዊንዶውስ 11»ም እንደ ቀድሞው ይከፈታሉ፡፡ በሙዚቃ ስቱዲዮ ውስጥ ግን ነገሩ ሌላ ነው፡፡ እዚያ ኮምፒዩተሩ መጻፊያ ሳይሆን የማምረቻ መሣሪያ ነው፡፡ በሆዱ የያዘውም ያለቀለት ሥራ ብቻ አይደለም፤ ገንዘብ የፈሰሰበት፣ ቀብድ የተከፈለበት፣ ቀሪው ክፍያ የሚጠበቅበት በሂደት ላይ ያለ ምርት ነው፡፡

ለአልበም ማሳተሚያ ገንዘብ የሚያወጡ ነጋዴዎች ይህን ጉዳይ «የልጆቹ ሥራ ነው» ብለው ለአቀናባሪውና ለቴክኒሻኑ መተዋቸው አያዋጣም፡፡ አደጋው የሚወድቀው በእነሱው ኪስ ላይ ነውና፡፡

ምክንያቱ ከሥራው ጠባይ የሚመነጭ ነው፡፡ አንድ ዘፈን በኩቤዝ፣ በፕሮ ቱልስ ወይም በኤፍ ኤል ስቱዲዮ ሲቀናበር የሚቀመጠው የሥራ ፋይል ዘፈኑ ራሱ አይደለም፡፡ ድምፃዊው ያዜመው በእርግጥ በዲስኩ ላይ አለ፤ የማሲንቆውና የዋሽንቱ ቅጂም እንዲሁ፡፡ ቤዙ፣ ከበሮውና ኪቦርዱ ግን በአብዛኛው «ፕለጊን» በሚባሉ ተጨማሪ ፕሮግራሞች የሚፈጠሩ ናቸው፡፡ ፋይሉ የሚይዘው «በዚህ ቅጽበት ይህን ኖታ በዚህ ፕለጊን፣ በዚህ መጠን አሰማ» የሚል ትእዛዝ ነው፡፡ ፕለጊኑ በአዲሱ ሲስተም ላይ ካልተነሳ ትእዛዙ ሰሚ ያጣል፡፡ ሚክሲንጉም እንደዚሁ ነው፤ ለሳምንታት የተደከመበት የድምፅ ማመጣጠን ሥራ በብዙ ፕለጊኖች ትከሻ ላይ የቆመ በመሆኑ አንዱ ሲጎድል ሌላው ይዛባል፡፡ ቤዝ የሌለው ዘፈን ይዞ ለእንቁጣጣሽ ገበያ መውጣት አይቻልም፡፡

በዚህ ረገድ የቀድሞዎቹ አሳታሚዎች የተሻለ ዋስትና ነበራቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም፡፡ የአቶ አምሐ እሸቴ «አምሐ ሪከርድስ» እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1975 ያሳተማቸው ሥራዎች ከሃያ ዓመታት በላይ ቆይተው በፈረንሳዩ ቡዳ ሙዚክ ኩባንያ «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ ኅትመት እንደገና ለዓለም ገበያ ቀርበዋል፡፡ ይህ ሊሆን የቻለው የተቀመጠው ነገር ድምፁ ራሱ ስለነበረ ነው፡፡ ሸክላውን ለመስማት የማንም ፈቃድ፣ የማንም የይለፍ ቁጥር አያስፈልግም፡፡ ዛሬ በአንዱ ስቱዲዮ ኮምፒዩተር ውስጥ ያለ የሥራ ፋይል ከሃያ ዓመት በኋላ ቀርቶ ከአንድ አፕዴት በኋላ ለመከፈቱ ዋስትና የለውም፡፡

ችግሩ የዊንዶውስ ብቻ አይደለም፡፡ አፕል ኩባንያ መስከረም 2012 ዓ.ም. «ካታሊና» የተባለውን ሲስተም ሲለቅ ባለ 32 ቢት ፕሮግራሞችን ጨርሶ በማስቀረቱ ሳያጣሩ የተቀበሉ የማክ ባለቤቶች የቆዩ ፕለጊኖቻቸው አልነሳ ብለዋቸዋል፡፡ ይኸው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው «ታሆ» የኢንቴል ፕሮሰሰር ያላቸውን ማኮች የሚቀበል የመጨረሻው ሲስተም መሆኑን አስታውቋል፡፡ ይሁን እንጂ የዚህ ጽሑፍ ትኩረት በዊንዶውስ የሚሠራው ስቱዲዮ ነው፡፡

ከፕለጊኑ ቀጥሎ የሚመጣው የፈቃድ ጉዳይ ነው፡፡ ለኩቤዝ የቆዩ ሙሉ ቅጂዎች የሚያገለግለው «ኢላይሰንሰር» የተባለ የዩኤስቢ ቁልፍ ጥሩ ማሳያ ይሆናል፡፡ አምራቹ ስታይንበርግ የቁልፉን አገልግሎት ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ዘግቷል፡፡ ቀድሞ በቁልፉ ላይ የተጫነ ፈቃድ መሥራቱን አላቆመም፤ አዲስ ማንቃትም ሆነ ከቁልፍ ወደ ቁልፍ ማዛወር ግን ከዚያ ወዲህ አይቻልም፡፡ ስለዚህ ያቺ አውራ ጣት የምታህል ቁልፍ ብትጠፋ ወይም ብትሰበር የጠፋው ፕላስቲክ ሳይሆን ፕሮግራሙ ነው፡፡ ፈቃዱ በቁልፍ ሳይሆን በኮምፒዩተሩ ውስጥ የተመዘገበ ከሆነ ደግሞ ዲስኩ ከመጥፋቱ በፊት ፈቃዱን ከአሮጌው ማሽን አውርዶ ወደ ባለቤቱ አካውንት መመለስ ግድ ይላል፡፡ ከፎርማት በኋላ ቁጥር መፈለግ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው፡፡

እዚህ ላይ ማንም በግልጽ የማያወራው «ክራክ» የሚባለው ነገር አለ፡፡ በክራክ የተጫነ ፕለጊን አሮጌው ማሽን ላይ ስለሠራ በአዲሱ ሲስተም ላይም ይሠራል ማለት አይደለም፤ ባይሠራ አቤት የሚባልበት አምራች የለም፡፡ ብዙ ጊዜም ቫይረስ የሚገባው በዚሁ በር ነው፡፡ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለዘፈን የሚሰጠውን ጥበቃ ለኮምፒዩተር ፕሮግራምም ሰጥቷል፡፡ ሥራችን ያለ ፈቃድ ተባዛ ብሎ ፍርድ ቤት የሚቆም አሳታሚ ሥራው የተቀነባበረው በተሰረቀ ፕሮግራም መሆኑን ቢያስብበት አይከፋም፡፡ ሥነ ምግባሩ ይቅርና በሒሳብ ብቻ እንኳ ቢታይ ተመልሶ የማይጫን መሣሪያ ላይ ካፒታል ማሰር ነው፡፡

መፍትሔው የሚያስወጣው ገንዘብ ትንሽ መሆኑ ያስገርማል፡፡ ከአፕዴቱ በፊት የእያንዳንዱን ዘፈን እያንዳንዱን መሣሪያና ድምፅ ለየብቻው ወደ ዌቭ ፋይል መለወጥ፣ ሁሉንም ከዘፈኑ መጀመሪያ አንድ ነጥብ ላይ ማስነሳት፣ የዘፈኑን ፍጥነትና ቅኝት በወረቀት ማስፈር ነው፡፡ በ24 ቢትና በ48 ሺህ ኸርዝ የተቀዳ አንድ ነጠላ ትራክ በደቂቃ 8.64 ሜጋባይት ይይዛል፡፡ 60 ትራክ ያለው የአምስት ደቂቃ ዘፈን 2.6 ጊጋባይት ገደማ፣ 12 ዘፈን ያለው አልበም ደግሞ 31 ጊጋባይት ገደማ ይሆናል ማለት ነው፡፡ የአልበሙ ሀብት በሙሉ 64 ጊጋባይት ፍላሽ ላይ ተጭኖ ቦታ ይተርፋል፡፡ አንዱ ቅጂ በስቱዲዮው፣ ሌላው በባለገንዘቡ ካዝና ቢቀመጥ የትኛውም ሲስተም ቢቀየር ድምፁ ይኖራል፡፡ የሚያስወጣው የአቀናባሪውን ጊዜ ሲሆን ይህም በውሉ ላይ ተጽፎ ሊከፈልበት ይገባል፡፡ «በነፃ ሥራልኝ» የተባለ ቅጂ አይሠራም፡፡

አሁን ወደ ማሽኑ ዋጋ እንምጣ፡፡ ዊንዶውስ 11 «ቲ.ፒ.ኤም. 2.0» የተባለ የደህንነት ቺፕና፣ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች በጥቂት ልዩ ሁኔታዎች ካልሆነ በቀር ስምንተኛ ጄኔሬሽንና ከዚያ በላይ ይጠይቃል፡፡ ስለሆነም ያገለገለ ኮምፒዩተር የሚያሻሽጥ ደላላ «ኮር አይ 7 ነው» ብሎ ዋጋ ቢጠራ ገዢው ስንተኛ ጄኔሬሽን እንደሆነ መጠየቁ ትክክል ነው፡፡ አይ 7-7700 እና አይ 7-8700 የተባሉት ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ2017 የወጡ ናቸው፤ የሚለያቸው ዘጠኝ ወር ገደማ ነው፡፡ መስመሩ ግን በመካከላቸው ተሰምሯል፡፡ ሰባተኛው ጄኔሬሽን ትላንት ያቀናብር የነበረውን ሙዚቃ ዛሬም ያቀናብራል፤ የወረደው ዋጋው እንጂ ጉልበቱ አይደለም፡፡

ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም፤ አዲስ ማሽን መግዛት እንደ ድሮው አይደለምና፡፡ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል፡፡ የአንድ ሺህ ዶላር ኮምፒዩተር ቀረጡ ሳይታሰብ ከ57 ሺህ ወደ 100 ሺህ ብርና ከዚያ በላይ ወጣ ማለት ነው፡፡ በአጋጣሚ ዊንዶውስ 10 የወጣውም በሐምሌ 22 መሆኑ ለባለስቱዲዮዎች ቀኑን የሚያስወድድ አይደለም፡፡

ታዲያ ምን ይሻላል? ማይክሮሶፍት ጥገናውን በክፍያ ማራዘም ለሚፈልጉ ድርጅቶች በአንድ ማሽን ለመጀመሪያው ዓመት 61 ዶላር፣ በየዓመቱ እጥፍ እየሆነ እስከ ሦስት ዓመት የሚዘልቅ ዋጋ ቆርጧል፡፡ ሦስቱ ዓመት ሲደመር 427 ዶላር ነው፡፡ ለግለሰቦች ያቀረበው ርካሽ አማራጭ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ብቻ የተወሰነ ሲሆን ለንግድ ሥራ የታሰበ አይደለም፡፡ ለአንድ አሮጌ ማሽን ይህን ያህል ማውጣት የሚያዋጣው ጥቂቱን ነው፡፡ ቴክኒሻኖች መስፈርቱን ዘለው ዊንዶውስ 11ን በማያሟላ ማሽን ላይ የሚጭኑበት ዘዴም አለ፤ ነገር ግን እንዲህ ያለ ማሽን ወደፊት አፕዴት የማግኘት መብት እንደሌለው ኩባንያው አስቀድሞ ተናግሯል፡፡ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሆናል፡፡

ለመካከለኛ ስቱዲዮ የተሻለው መንገድ አሮጌውን ማሽን እንዳለ ትቶ ከኢንተርኔት መነጠል ይመስላል፡፡ የሚሠራ ሥራ በእሱ ይጠናቀቃል፤ ዘፈን መላኩ፣ ኢሜይሉና ዩቲዩቡ በሌላ ርካሽ ኮምፒዩተር ይከናወናል፡፡ አንዳንድ ፈቃዶች በየጊዜው ከኢንተርኔት ጋር መገናኘት ስለሚሹ የትኞቹ እንደሆኑ አስቀድሞ መለየት ያስፈልጋል፡፡ ማሽኑ መስፈርቱን የሚያሟላ ከሆነ ደግሞ በነባሩ ዲስክ ላይ ከመጫን አዲስ ኤስ.ኤስ.ዲ. ገዝቶ ዊንዶውስ 11ን እዚያ ላይ መጫን ይመረጣል፡፡ አዲሱ እንቢ ካለ አሮጌውን ዲስክ መልሶ መሰካት ብቻ ነው፤ ስቱዲዮው በሰዓት ውስጥ ወደ ሥራው ይመለሳል፡፡

ለስሌት ያህል በቀን 10 ሺህ ብር የሚያስገባ ስቱዲዮ ለስድስት ቀን ቢዘጋ 60 ሺህ ብር አጣ ማለት ነው፤ በዚህ ላይ የዘገየው አልበም የፋሲካ ገበያ ቢያመልጠው ኪሳራው የባለስቱዲዮው ብቻ አይሆንም፡፡ የዲስኩን ዋጋ ከዚህ ጋር ማወዳደር ነው፡፡

ብዙዎች የማይጠረጥሩት አንድ ወጥመድ እዚህ ላይ ሊነሳ ይገባል፡፡ አዲሱ የዊንዶውስ 11 ቅጂ ከባዶ ሲጫንና በማይክሮሶፍት አካውንት ሲከፈት ዲስኩን በራሱ ሊቆልፍ ይችላል፡፡ የመክፈቻው ቁጥር የሚቀመጠው መጀመሪያ በገባው ሰው አካውንት ላይ ነው፡፡ ቴክኒሻኑ ለጥድፊያ ብሎ በራሱ ኢሜይል ከከፈተው የስቱዲዮው ቁልፍ በቴክኒሻኑ እጅ ገባ ማለት ነው፡፡ ከስድስት ወር በኋላ ማሽኑ ቁጥሩን ቢጠይቅና ሰውየው ስልክ ባያነሳ በዲስኩ ላይ ያለው ሁሉ ለባለቤቱ የተዘጋ ነው፡፡ አካውንቱ በድርጅቱ ስም ይሁን፤ ቁጥሩም ታትሞ ከንግድ ፈቃዱ ጋር ይቀመጥ፡፡

ጊዜውን በተመለከተ የሥራ ደብተሩን አይቶ መቁረጥ የባለስቱዲዮው ፋንታ ነው፡፡ ሊረሳ የማይገባው ግን በነባሩ ዲስክ ላይ ወደ ዊንዶውስ 11 ያሳደገ ሰው ወደ ቀድሞው የሚመለስበት በር ክፍት የሚሆነው ለ10 ቀናት ብቻ መሆኑ ነው፡፡ በእነዚያ ቀናት አዲስ ሥራ ከመጀመር ይልቅ የቆዩትን ፋይሎች አንድ በአንድ መክፈት፣ የሳውንድ ካርዱን ድራይቨር መፈተሽ፣ ረጅም ቅጂ ሞክሮ ድምፁ ይቆራረጥ እንደሆነ ማዳመጥ ይገባል፡፡ የቴክኒሻኑ ቀሪ ክፍያም ከዚህ ፈተና በኋላ ቢሆን ይመረጣል፡፡ ፈተናው ካለፈ ደግሞ አልበም እየተቀዳ ባለበት ወቅት አነስተኛ አፕዴቶችን ማቆየት ነው፡፡ ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም. የተለቀቀ ወርኃዊ ጥገና በዩኤስቢ የሚሠሩ አንዳንድ የድምፅ መሣሪያዎችን ማስቆሙን ማይክሮሶፍት ራሱ አምኖ በኋላ ያስተካከለው ጉዳይ ነው፡፡

መስፈርቱን የማያሟሉ ማሽኖች ወደ ያገለገለ ዕቃ ገበያ መውጣታቸው አይቀርም፤ ከኢንተርኔት ነጥሎ ለቅንብር ለሚፈልጋቸው ገዢም ጥሩ ግዢ ናቸው፡፡ ባለስቱዲዮው ግን ማሽኑን ሲሸጥ ዲስኩን ነቅሎ ማስቀረት አለበት፡፡ ዋጋው ከዲስክ ጋር የተነገረ ከሆነ ለገዢው ባዶ ዲስክ ገዝቶ ይስጥ፤ ያልወጣ የሌላ ሰው አልበም ያለበትን ዲስክ ከማሽኑ ጋር ያሻሻጠ ደላላ ምን ያህል ኮሚሽን ቢያገኝ ከሚመጣበት ክስ ጋር አይመጣጠንም፡፡