ሰላም አስከባሪው ሲነዳ፣ ለአደጋው የሚጠየቀው ማን ነው?

በጄኔቫ ወይም በዙሪክ መንገድ የሚያቋርጥ እግረኛ በመኪና ቢገጭ ካሳውን ከማን እንደሚጠይቅ ሕጉ አስቀድሞ ወስኖለታል። በስዊዘርላንድ ባለሞተር ተሽከርካሪ ያለ ተጠያቂነት መድን ጎዳና ላይ መውጣት አይችልም። ዝቅተኛው ሽፋን 5 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ ሲሆን፣ ተጎጂው መድን ሰጪውን በቀጥታ መክሰስ ይችላል። ሰላም አስከባሪ ወታደር በሚያሽከረክረው መኪና የተጎዳ ሰው የሚጠብቀው መንገድ ግን ከዚህ የረዘመ ነው።

ልዩነቱ ከመንጃ ፈቃዱ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1949 በጄኔቫ የተፈረመው የመንገድ ትራፊክ ስምምነት፣ በአንድ አገር የተሰጠ መንጃ ፈቃድ በሌሎች አባል አገሮችም የሚያገለግልበትን ሥርዓት ዘርግቷል። ይሁን እንጂ አገሮች ከአንድ ተከታታይ ዓመት በላይ ለሚቆይ ተሽከርካሪም ሆነ አሽከርካሪ ይህን መብት የመስጠት ግዴታ የለባቸውም። ስምምነቱ የታሰበው ለመንገደኛ ነው፤ የሰላም ማስከበር ተልዕኮ ደግሞ ለዓመታት ይዘልቃል።

ክፍተቱን የሚሞላው የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ከአስተናጋጁ አገር ጋር የሚዋዋለው፣ የጦሩን ሕጋዊ ሁኔታ የሚወስን ስምምነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 በተዘጋጀው ሞዴል መሠረት የተልዕኮው ተሽከርካሪዎች በአስተናጋጁ አገር መመዝገብ አይጠበቅባቸውም፤ የሦስተኛ ወገን መድን ግን ሊኖራቸው ይገባል። አስተናጋጁ አገር የተልዕኮው ኃላፊ የሚሰጠውን የመንዳት ፈቃድ ያለ ክፍያ ይቀበላል። ፈቃዱ የሚሰጠው ግን ቀድሞውኑ ተገቢና የጸና መንጃ ፈቃድ ለያዘ ሰው ብቻ ነው። በመሆኑም የአሽከርካሪው ብቃት መነሻ ወታደሩ በአገሩ ያገኘው ሥልጠና ነው።

አደጋ ሲደርስም ጉዳዩ ወደ ላኪው አገር ይመለሳል። በሞዴሉ መሠረት የጦሩ አባል ለሚፈጽመው ወንጀል የመዳኘት ሥልጣን የላኪው አገር ብቻ ነው። ለካሳ ጥያቄዎች ቋሚ ኮሚሽን እንዲቋቋም ሞዴሉ ቢያዝም እስካሁን አንድም አልተቋቋመም። ጥያቄዎቹን የሚመረምሩት የድርጅቱ የራሱ ቦርዶች ናቸው። ጠቅላላ ጉባኤው እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳለፈው ውሳኔ ደግሞ፣ በተልዕኮዎች ሥራ ምክንያት ለአካል ጉዳት ወይም ለሞት ከድርጅቱ የሚጠየቅ ካሳ ከ50 ሺህ ዶላር እንዳይበልጥ፣ ጥያቄውም በመርህ ደረጃ በ6 ወራት ውስጥ እንዲቀርብ ተወስኗል። ገደቡ የተልዕኮዎችን ወጪ ለመቆጣጠር ይረዳል። ከጽሕፈት ቤት ርቆ ለሚኖር ገበሬ ግን 6 ወር አጭር ጊዜ ነው።

ጉዳዩ ከኮንጎ ዘመቻ ጀምሮ ወታደሮቿን ለተባበሩት መንግሥታት ስታሰልፍ ለቆየችው ኢትዮጵያ ባዕድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2011 የተቋቋመው የአብዬ ጦር ለዓመታት ከሞላ ጎደል በኢትዮጵያውያን የተዋቀረ ነበር። በዚያው ዓመት ነሐሴ መባቻ ላይ፣ የሕጋዊ ሁኔታ ስምምነቱ ገና ሳይፈረም፣ አንድ የቅኝት ተሽከርካሪ ማቦክ በተባለ ስፍራ ፈንጂ ረግጦ አራት ኢትዮጵያውያን ሞቱ። በወቅቱ የድርጅቱ ኃላፊዎች እንደገለጹት፣ ሦስቱ ያረፉት ሱዳን ለሄሊኮፕተሩ የበረራ ፈቃድ ሳትሰጥ በመዘግየቷ እርዳታ ሲጠባበቁ ነው። የመንቀሳቀስ ነጻነት ከወረቀት ያለፈ ትርጉም እንዳለው ያ ቀን አሳይቷል።

ድርጅቱ ጦር ላኪ አገሮች ለሚያቀርቧቸው ተሽከርካሪዎች ክፍያ የሚፈጽመው በየጊዜው እየመረመረ ነው። ለሥራ ዝግጁ የሆኑት ከተፈቀደው ቁጥር ከ90 በመቶ በታች ሲወርዱ ክፍያው ይቀነሳል። የተበላሸ ሞተር ዋጋው ወዲያውኑ በሒሳብ ይታያል። በአግባቡ ያልሠለጠነ አሽከርካሪ የሚያስከፍለው ዋጋ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚታወቀው ከአደጋው በኋላ ነው፤ ያኔም ቀድሞ የሚከፍለው መንገድ ዳር የነበረው ሰው ነው።